ዲቦራ ትዕግሥት አልነበራትም

ዲቦራ የተቀበረች ቀን የሕይወት ታሪኳን ያነበበው ሰውዬ «ትዕግሥተኛና ቁጥብ እናት ነበሩ» አለ። እኔ ከሴቶቹ መካከል አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። ብድግ ብዬ «ውሸት ነው» ለማለት ምንም አልቀረኝም። ዕድሜዬ ያዘኝ። ሰው ሲሞት ለምን ሌላ ሰው አድርገው እንደሚቀብሩት አይገባኝም።

ዲቦራ ጎረቤቴ ነበረች። መጀመሪያ በአስካለ አጥር፣ በኋላ በራሴ አጥር ተዋስነን ኖረናል። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ቁጥብነትማ ጭራሽ። ከእሷ ያገኘሁት ደግ ነገር ሁሉ የመጣው ደግሞ ከዚሁ ችኮላዋ ነው። ስለዚህ በተቀበረች ቀን ይህንኑ ሲነጥቋት ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። ቀብሩ ላይ ዝም ብያለሁ፤ እዚህ ግን ዝም አልልም።

አስካለ የባሌ እኅት ናት። ዛሬም በሕይወት አለች፤ ይህንን ብታነበው ደስ ይለኛል። ጂንካ በጋብቻ ስመጣ ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ቤተሰቡ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቆዩ ነጋዴዎች ናቸው። አስካለ ከግቢዋ አንዲት ክፍል ሰጠችን። ስኳሩ በቁልፍ ነው፣ ቅቤው በቁልፍ ነው፣ ሳሙናው በቁልፍ ነው። ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች ነበሯት፤ አቧራ እንዳይነካቸው በጨርቅ ተሸፍነው ሲኖሩ አንድም እንግዳ ደርሶባቸው አላየሁም። በዚያ ግቢ የተማርኩት ደግ ነገር የሚቀመጥ እንጂ የሚነካ አለመሆኑን ነው። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስቀጠር ሥራው አልከበደኝም። ቁልፍ መያዝ ያስተማረችኝ አስካለ ናት፤ ያንን ውለታዋን አልክድም።

ዲቦራ ሌላ ፍጥረት ነበረች። አሪ ናት፤ ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ የወረደች። ከከተማው ጠርዝ ላይ ጎደሬና ሙዝ የምትተክልበት ቦታ ነበራት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ሰፊ ሴት ነበረች፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይቀድማታል። ከገበያ የገዛችው ሸንኮራ ቤቷ ደርሶ አያውቅም፤ «የዲቦራን ቤት የፈለገ ልጣጩን ይከተል» ይባል ነበር። ቀሚስ ካሰፋች እዚያው ልብስ ሰፊው ቤት ቀይራ አሮጌውን በፌስታል አንጠልጥላ ትወጣለች።

«ለእሑድ አታስቆዪውም? ለጸሎት ቤት?» አልኳት አንድ ቀን።

«ጌታ አሮጌውን ያውቀዋል፤ አይስተኝም።»

«ለነገ የሚባል ነገር አታስቢም አንቺ ሴትዮ?»

«ነገን አንቺ አስቢልኝ፣ ጥሩነሽ። ቁልፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ስትል ታናድደኝ ነበር። እኔ አንዲት የገላ ሳሙና በልብስ መሀል ሸጉጬ ሽታዋን ብቻ ዓመት የማሸት ሰው ነኝ።

ማንነቷን በደንብ ያየሁት ባሏ ማቴዎስ የተመለሰ ቀን ነው። ደርግ የወደቀበት ዓመት ነበር። ማቴዎስ ለውትድርና ከተወሰደ ብዙ ዓመት ሆኖት፣ ወሬው ጠፍቶ፣ ዘመዶቹ እርሙን ሊያወጡ ይመካከሩ ነበር። ዲቦራ እምቢ ብላ ጠበቀችው። ምናልባት የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ሰው ትዕግሥት ያለው ይህንን ይሆናል። እኔ ግን ይህ ትዕግሥት አይመስለኝም። የሌለህን ነገር መጠበቅ ግድ ነው። ትዕግሥት ማለት እጅህ የገባውን ማቆየት ነው፤ እሱን ዲቦራ አታውቀውም።

አንድ ረፋድ ከአይሱዙ ጭነት ላይ የከሳ ሰው ወረደ። ሰፈሩ እልል አለ። ወዲያው ሰዉ ግቢዋን ሞላው፤ ማቴዎስንም ደጅ ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ዲቦራ ከማሳዋ ተጠርታ መጣች፤ እጇ ጎደሬ ስትቆፍር እንደነበረ አፈር ነው። አላለቀሰችም፤ እልልም አላለችም። ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች ደረሰችና የባሏን የእጅ አንጓ ያዘች።

«ተነሥ» አለችው።

የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ዲቦራ፣ ቆይ እንጂ። መጀመሪያ እናቱ ይዩት፤ ደጋ ሰው ልከናል። ከዚያ ጸሎት ይደረጋል። ሁሉም በወጉ።»

«እሺ አባባ። እናንተ ወጉን ጀምሩ፤ እኛ እንደርሳለን።»

«ሰው ተሰብስቧል እኮ!»

«አየሁት። ወንበር ካነሰ ከጎረቤት ይምጣ» አለችና ባሏን ይዛ ገባች። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሁላችንም ሰማነው።

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ሴቶቹ አፋችንን በነጠላ ያዝን። አስካለ ብቻ ድምፅ አውጥታ «ኧረ ጉድ ነው! የስንት ዓመት ረሃብ ነው ይሄ!» አለች።

አጠገቧ የነበረች አንዲት ጠላ ሻጭ «አንቺ ብትሆኚ ቁልፉን ስትፈልጊ ይመሽብሽ ነበር» ብትላት ሰዉ ሁሉ ፈነዳ። አስካለ እስከ ዛሬ ያቺን ሴት ሰላም አትልም።

የማቴዎስ እናት ከደጋ ሲደርሱ ፀሐዩ አዘቅዝቆ ነበር። ነገሩን ነገሯቸው። አሮጊቷ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከሰዉ ጋር ቁጭ አሉ። «ተዉአት» አሉ። «እኔ ወለድኩት፤ እሷ ጠበቀችው።»

ዲቦራ በመጨረሻ በሩን ስትከፍት ፀጉሯን እንኳ አላሰረችም። «በሉ ግቡ» አለችን። «ከአሁን ወዲያ የሁላችሁም ነው። ይቺን ሰዓት ግን ለማንም አልሰጥም ነበር።»

ዘመዶች መክረው በቆሎው ሲገባ በሬ ይታረድ፣ ደጋውም ቆላውም ይጠራ ተባለ። እሷ እስከዚያ አላስቻላትም፤ የነበረቻትን አንዲት ዶሮ የዚያኑ ዕለት አረደች። ያንን ክረምት ገበያም ማሳም ተወች። በጠራራ ፀሐይ በከተማው መሀል ባለው የአውሮፕላን ሜዳ ሣር ላይ፣ ከብት በሚግጥበት፣ ሁለቱ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰው ያያቸዋል። «ሥራ ፈታች» ተባለች። እኔም ብያለሁ። ማቴዎስ ግን ከጦርነቱ ይዞት የመጣ ሳል ነበረበት፤ ሳሉ አልለቀቀውም። በቆሎው ገና እሸት ሳለ ሞተ። ለደስታው የታሰበው በሬ ለለቅሶው ታረደ።

ለቅሶ ስደርሳት ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ የነገረችኝን አልረሳውም። «አላስተረፍኩም፣ ጥሩነሽ» አለችኝ። «ምንም አላስተረፍኩም።» ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ሥራውን የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ብልጠት ገዛሁ ብል እዋሻለሁ። በማግሥቱ ዓመት የማር ወቅት ከወንድሟ ዘንድ ደጋ ይዛኝ ወጣች። ወንድሟ ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። በእነሱ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ከቀፎው የሚወጣው የመጀመሪያው የማር እንጀራ እዚያው ዛፉ ሥር ይበላል። ቤት አይገባም፣ ለማንም አይላክም፣ ለሕፃንም ቢሆን። ሌላው ማር ነው ወደ ቤት የሚሄደው።

በጭሱ መሀል የማሩ እንጀራ ወርዶ በኮባ ቅጠል ላይ ተቆራረሰ። ትኩስ ነው፤ ገና ይንጠባጠባል። ዲቦራ እስከ ክርኗ ማር ሆናለች። «ብዪ እንጂ! የመጀመሪያው እዚሁ ነው የሚበላው» አለችኝ።

ለይሉኝታ ጥቂት ቀመስኩ። እንዲህ ያለ ማር ከዚያ በፊት በአፌ አልዞረም። ለዚሁ ነው የሳሳሁለት፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ቆሞ ይበላል? ዘወር ሲሉልኝ የድርሻዬን በኮባ ጠቀለልኩና በነጠላዬ ውስጥ ጀርባዬ ላይ አዘልኩት። እዚያው አድረን በማግሥቱ ቁልቁል ስንወርድ ፀሐዩ በረታ። ኮባው ተሰነጠቀ። ማሩ በአከርካሪዬ መውረድ ጀመረ። ላብ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ንቦቹ ግን ላብ አልመሰላቸውም።

አውሮፕላን ሜዳው ላይ ስንደርስ የጂንካ ንብ ሁሉ ከኋላዬ ነበር። ሮጥኩ። ላሞቹም አብረውኝ ሮጡ። ነጠላዬን ጥዬ፣ ጆሮዬን ተነድፌ፣ አንገቴን ተነድፌ ዞር ስል ዲቦራ ሣሩ ላይ ተዘርግታ ትስቃለች።

«አላልኩሽም? የመጀመሪያው ቤት አይሄድም! ደንቡን ንቦቹም ያውቁታል!»

«ሳቂ! ለባሌ ብዬ ነው!»

«ባልሽ እግር የለውም? ዛፉ ሥር ይምጣ!»

ከንቦቹ የተረፈውን ከነነጠላዬ አንሥቼ ስገባ አስካለ ደጅ ላይ ተቀበለችኝ። ያበጠ ጆሮዬን አላየችም፤ ማሩን አየች። «ለመድኃኒት ይሆናል» ብላ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ያ ማር የት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባሌም አልቀመሰውም።

ዓመታት አልፈው ከዲቦራ አጥር ጎን ቦታ አገኘንና ቤት ጀመርን። የራስ ቤት ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ በሰው ግቢ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አገባቤን ቀድሜ በሐሳቤ ጨርሼዋለሁ። ምርጊቱ ይደርቃል፣ ሊሾው ይፈሳል፣ ኮርኒሱ ይወጠራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ቄስ ጸበል ይረጫል፣ ለሚካኤል እንግዳ ይጠራል፣ ከዚያ እገባለሁ። አዲስ ፍራሽ ገዝቼ በፕላስቲኩ እንደታሸገ አስካለ ቤት አቁሜዋለሁ። ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

ቆርቆሮው የተመታ ዕለት ዲቦራ መጥታ ጣሪያውን አንጋጣ አየች።

«መቼ ነው የምትገቢው?»

«ሲያልቅ ነዋ።»

«ምኑ ቀረ?»

«ምኑ ያልቀረ አለ? በር እንኳ የለውም!»

«በር ከሌለው ክፍት ነው። ግቢ!»

ሳቅኩ። እሷ ግን ወጥታ ሄደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመንገዱ ላይ ፍራሼን ተሸክማ ስትመጣ አየኋት። ከኋላዋ አስካለ በነጠላ ጫማ እየሮጠች «ፕላስቲኩን እንዳትቀጂው! ኧረ ፕላስቲኩን!» ትላለች። ዲቦራ ያልደረቀው ወለል ላይ ኮባ ቅጠል ጎዝጉዛ ፍራሹን አነጠፈችበትና ፕላስቲኩን በአንድ ጊዜ ቦጨቀችው። ከዚያ በምስማር በሩ ክፍተት ላይ ሰቀለችው። «ይኸው፣ በር» አለች።

ተቆጣሁ፤ አለቀስኩም መሰለኝ። በዚያ ቅጽበት ዝናብ ጣለ። ባሌ ከመንገድ ተመልሶ አስካለ ቤት ሲፈልገኝ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ፕላስቲኩን ከፍ አድርጎ እየሳቀ ገባ። ዲቦራ የተቀቀለ ጎደሬ በጨው አቀብላን ወደ ቤቷ ሄደች። ኮርኒስ ስለሌለ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መነጋገር አይቻልም ነበር። ባሌ ጣሪያውን በጣቱ አሳየኝና ጆሮዬ ላይ ጮኾ «የራሳችን ዝናብ!» አለኝ።

ያንን ክረምት እንዲህ ኖርነው፤ በፕላስቲክ በር፣ በእርጥብ ግድግዳ። በትዳሬ ውስጥ ደስ ያለኝ ጊዜ እሱ ነው፤ ሌላ የለም። ኮርኒሱ ሳይወጠር ባሌ ወይጦ የምትባል ከተማ ላይ ሌላ ቤት፣ ሌላም ሴት እንዳለችው ሰማሁ። መኪናው መጀመሪያ እዚያ ማደር፣ በኋላም መሰንበት ለመደ፤ በመጨረሻ ቀረ። አስካለ ለጂንካ ሁሉ «ጸበል ሳይረጭ የተገባ ቤት» እያለች አወራች። ወንድሟን ከመውቀስ ቤቴን መውቀስ ቀለላት።

ቆይቶ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወይጦ መንገድ ዳር ናት፤ እዚያ የሆነ ነገር ጂንካ ለመድረስ አንድ መኪና ይበቃዋል። ዲቦራን በአጥሩ ላይ ጠየቅኳት።

«ፍራሹን ባመጣሽ ጊዜ ነገሩን ታውቂ ነበር?»

የወደቀ የአጥር እንጨት አንሥታ ቦታው መለሰችው።

«አውቅ ነበር» አለች።

«እና እንዴት አትነግሪኝም? እኅቴ ነሽ ብዬ!»

«ወሬውን ላምጣልሽ ወይስ ፍራሹን? ወሬው በራሱ ይመጣል። ፍራሹ ነው እግር የሌለው።»

ጀርባዬን ሰጠኋት። ብዙ ጊዜ አኮረፍኳት፤ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ዕቃ ማንኳኳት እጀምራለሁ። ከባሌ ይልቅ እሷን ጠላሁ፤ ቅርብ የነበረች እሷ ስለሆነች ነው መሰለኝ። ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ክረምት ይመጣብኛል። ብትነግረኝ ኖሮ ያንን ክረምት ስጣላ አሳልፈው ነበር። ኮርኒሱን ብጠብቅ ደግሞ ያንን ዝናብ ብቻዬን እሰማው ነበር። ይህንን ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ። አንድ ቀን አንድ ሰሐን ምስር ይዤ አጥሯ ላይ ቆምኩ፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ተቀብላ እዚያው ቆማ በላችው።

እንደ እሷ ሆንኩ ማለት አይደለም። ዛሬም ቁልፍ አለኝ። ደግሞ ሁሉም ነገር በችኮላ አይጣፍጥም፤ ሁዳዴ የሌለበትን ፋሲካ ምን አደርገዋለሁ? ይህንን ስነግራት «አንቺን ፋሲካሽን ማን ነካብሽ? አንቺ ግን በእኔ ማክሰኞ ትቆጪኛለሽ» ትለኝ ነበር። በጋው ሲበረታና ጎተራዋ ባዶ ሲሆን ግን ሰሐን ይዛ የምትመጣው እኔ ዘንድ ነው።

«ስትጨርሺው ትዝ አልኩሽ?» እላታለሁ።

«እኔ ባልበላ አንቺ ለማን ታስቀምጪ ነበር?»

ቁልፌን አውጥቼ እሰፍርላታለሁ።

ባለፈው ዓመት ታመመች። ልጆቿ አርባ ምንጭ ወስደው አሳከሟትና መለሷት። ሆዷ ምግብ አልቀበል አለ፤ ያ ሰፊ ገላ በአልጋው ውስጥ ጠፋ። ልጠይቃት ስገባ «ማር አለሽ?» አለችኝ። ለነገሩ የራሷ ማር ነው፤ ወንድሟ ከደጋ የላከውን እሷ የድርሻዋን ወዲያው ጨርሳ፣ የእኔን በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጬው ነበር። ጠጥሮ ነበርና ፀሐይ ላይ አሙቄ ወሰድኩላት።

ጣቷን ነክራ አንዴ ላሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ «ክደኚው» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ለዛሬ በቃኝ። ይዘሽ ሂጂ፤ ነገ ታመጪዋለሽ።»

ደነገጥኩ። ከሐኪሙ ቃል ሁሉ ይልቅ ይህ አስፈራኝ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ? አንቺ ነሽ የምታስቀምጪው?» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።

«ማሩን ማን ፈለገው» አለች። «አንቺ ነገ ምክንያት እንዳታጪ ነው እንጂ። አውቅሻለሁ፤ ያለ ምክንያት ሰው ቤት አትገቢም።»

እውነቷን ነው። ለቅሶና ክርስትና ካልሆነ የሰው ደጅ አልረግጥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሰዓት በኋላ ጣሳዬን ይዤ እሄዳለሁ። አንዴ ትልሳለች፣ እከድናለሁ፣ እናወራለን። ስለ ማቴዎስ፣ ስለ ንቦቹ፣ ስለ ፕላስቲኩ በር። ስትስቅ ትከሻዋ መነሣት ቢያቅተውም ይሞክር ነበር። ሕይወቷን ሙሉ ያላቆየችውን ነገር ሁሉ ሰብስባ እኔን በጣት ጫፍ ማር አቆየችኝ። ማሩ ሳያልቅ እሷ አለቀች።

ከቀብሩ መልስ አስካለ እግሬ ደከመ ብላ እኔ ቤት አረፍ አለች። አርጅታለች፤ ምርኩዝ ይዛለች። ደጅ አቮካዶው ሥር ወንበር አወጣሁላት። ጣሳውን መደርደሪያው ላይ በመስኮት አየችው።

«የዲቦራ ማር ነው? ጎሽ፣ አስቀምጪው። የቆየ ማር መድኃኒት ነው።» ከዚያ ከቦርሳዋ ባዶ የጸበል ጠርሙስ አወጣች። «ለእኔም በዚህ ትንሽ ቅጂልኝ፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አኖረዋለሁ።»

ጣሳውን አመጣሁና በሁለታችን መሀል ክዳኑን ከፍቼ አስቀመጥኩት። ማንኪያ አላመጣሁም። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ብርጭቆዎቹ፣ ስለ ቤቴ ስም ይቅር አላልኳትም፤ ልላትም አላሰብኩም። ጠርሙሱን ግን ከእጇ ወስጄ መሬት ላይ አኖርኩት።

«አይቀዳም» አልኳት። «እዚሁ ነው የሚበላው።»

አየችኝ። ጣሳውን አየችው። እኔ እጅጌዬን ጠቅልዬ እጄን እስከ አንጓዬ ማሩ ውስጥ አገባሁ። ቆይታ እሷም ነጠላዋን ወደ ክርኗ ሰበሰበች።